ድያና ሄርሜን እነማን ነበሩ? የጥንት ግሪኮች አማልክትና የአፈ ታሪኮቻቸው ሥራ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 የተጻፈውን ታሪክ ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። ጳውሎስና በርናባስ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር፣ ልስጥራን በተባለች ከተማ፣ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ሽባ የነበረን ሰው ፈወሱ። ሕዝቡ ይህን አይቶ በገዛ ቋንቋው «አማልክት ሰዎችን መስለው ወደ እኛ ወርደዋል» እያለ ጮኸ። በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን አሏቸው። የድያ ካህንም ኮርማና የአበባ አክሊል አስይዞ ሊሠዋላቸው መጣ። ሐዋርያቱ ልብሳቸውን ቀድደው ወደ ሕዝቡ መካከል ሮጠው በስንት ልመና መሥዋዕቱን አስቀሩት።

ድያ የግሪኮች አለቃ አምላክ ዜውስ ነው። የግሪክኛ ስም በዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሳቢ ሲሆን መልኩ ይለወጣል፤ ዜውስ «ድያ»፣ ሄርሜስ «ሄርሜን» ይሆናል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ስሞች በዚያ መልካቸው ይዟቸዋል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ስሞቹን ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን ባለቤቶቹን ሳናውቃቸው አድገናል።

ከስሞቹ ይልቅ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የሕዝቡ ችኮላ ነው። ተአምር አይቶ መገረም አንድ ነገር ነው፤ እንግዶቹን በአንዴ ሁለት አማልክት ብሎ በስም ለይቶ ኮርማ መጎተት ግን ሌላ ነው። ለዚህ ችኮላ ምክንያት ሊሆን የሚችል አንድ ታሪክ አለ። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ከዚያ ቀን ጥቂት አሥርት ዓመታት አስቀድሞ እንደጻፈው፣ ዜውስና ሄርሜስ (እርሱ በሮማውያን አጠራር ጁፒተርና መርኩሪ ይላቸዋል) መንገደኛ መስለው ለልስጥራን አጎራባች በሆነችው በፍርግያ ምድር ማደሪያ ለመኑ። ሺህ ቤት በሩን ዘጋባቸው። ፊሌሞንና ባውኪስ የተባሉ ድሃ ሽማግሌና አሮጊት ብቻ ደሳሳ ጎጇቸውን ከፈቱላቸው፤ ያለቻቸውን አንዲት ዝይ እንኳ ሊያርዱላቸው በቤቱ ውስጥ ሲያሯሩጧት አማልክቱ አስጣሏት። በመጨረሻም እንግዳ ያባረረው አገር በሙሉ በውኃ ተዋጠ፤ የእነርሱ ጎጆ ግን ቤተ መቅደስ ሆነች።

ብዙ ሊቃውንት የልስጥራንን ጩኸት ከዚህ ታሪክ ጋር ያያይዙታል። በዚያው አካባቢ ዜውስና ሄርሜስ አብረው ይመለኩ እንደነበር የሚያሳዩ የድንጋይ ላይ ጽሑፎችም ተገኝተዋል። እንዲህ ያለውን ታሪክ እየሰማ ያደገ ሰው፣ ሁለት እንግዶች መጥተው ሽባ ሲያስነሡ ቢያይ፣ የቀደሙትን ሰዎች ጥፋት ላለመድገም ይሮጣል። የግሪክ አፈ ታሪክ ምን ይሠራ እንደነበር ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ታሪኩ ሰውን ከቤቱ አስወጥቶ ኮርማ ያስጎትት ነበር።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፈ ታሪክ ከተረት በምን ይለያል?

ተረት ስንጀምር «ተረት ተረት» እንላለን፤ አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ይቀበላል። ስንጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለን እንዘጋዋለን። በመክፈቻውና በመዝጊያው መካከል ጅብ ቢናገር፣ ጦጣ ብትፈርድ ማንም አይከራከርም። አፈ ታሪክ ይህ መክፈቻና መዝጊያ የለውም። ይህ ተራራ፣ ይህ ምንጭ፣ ይህ ዘር እንዲህ ሆነ ብሎ በስም ይጠራል፤ የሚነገረውም ባለጉዳዮቹ ባሉበት ነው። የግሪኮቹ ታሪኮች አብዛኞቹ የዚህኛው ወገን ናቸው።

ግሪኮች ራሳቸው «ሚቶስ» ይሉት ነበር። ቃሉ በሆሜር ግጥሞች ውስጥ ንግግር፣ የተነገረ ነገር ማለት ነው እንጂ የሐሰት ትርጉም አልነበረውም። ያ ትርጉም የተጨመረበት በኋላ፣ ፈላስፎችና የታሪክ ጸሐፊዎች የራሳቸውን ምርመራ ከባለቅኔዎች ቃል ለመለየት ሲነሡ ነው።

አንባቢያችን በተለይ ሊይዘው የሚገባ ነገር አለ። ግሪኮች በዚህ ጉዳይ ቅዱስ መጽሐፍ፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ጉባኤ ወይም ሁሉንም ከተማ የሚያዝ ሊቀ ካህናት አልነበራቸውም። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ የአማልክቱን የትውልድ ሐረግ፣ መጠሪያና ሥራ ለግሪኮች የሰጧቸው ሆሜርና ሄሲዮድ ናቸው ይላል፤ ሁለቱም ባለቅኔዎች ናቸው። በዚህ የተነሣ አንዱ ታሪክ ከሌላው ይለያል። የፍቅርና የውበት አምላክ የሆነችው አፍሮዲት በሆሜር የዜውስና የዲዮኔ ልጅ ናት፤ በሄሲዮድ ግን ከባሕር አረፋ ትወለዳለች። ሁለቱንም የሰማ ግሪካዊ የትኛው ነው እውነቱ ብሎ ማንንም አያወግዝም ነበር። ለእርሱ ከታሪኩ ቃል ይልቅ የመሥዋዕቱ ሥርዓት በቀኑና በቦታው መፈጸሙ ይበልጥበት ነበር።

«አማልክት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነበር?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «አምላክ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ሁሉን የፈጠረ፣ ሁሉን የሚያውቅ፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው፣ ቸር የሆነውን እናስባለን። ዜውስን በዚህ ሚዛን ከሰፈርነው ታሪኩ ሁሉ ነውርና ቅሌት ብቻ ይመስላል፤ ግሪኮችም እንዲህ ያለውን ያመለኩ ሞኞች ይሆኑብናል። እነርሱ ግን ቃሉን የሚጠቀሙበት ለሌላ ነገር ነበር።

ዜውስ ዓለምን አልፈጠረም። እንዲያውም ዓለም እርሱን ትቀድማለች። ሄሲዮድ እንደሚተርከው መጀመሪያ ኬዎስ የሚባል ክፍት ጥልቅ ነበረ፤ ከዚያ ምድር መጣች፤ ምድር ሰማይን ወለደች፤ ከሁለቱም ቲታን የተባሉት ተወለዱ። ከእነርሱ ታናሹ ክሮኖስ አባቱን ሰማይን ሰልቦ ሥልጣኑን ወሰደ። ልጅህ ይገለብጥሃል የሚል ትንቢት ስለሰማ ደግሞ የወለዳቸውን ሁሉ እየተቀበለ ዋጣቸው። ሚስቱ ሬያ የመጨረሻውን ልጅ ቀርጤስ ደሴት ላይ ደብቃ ለባሏ በመጠቅለያ ጨርቅ የተጠቀለለ ድንጋይ ሰጠችው። የተረፈው ልጅ ዜውስ ነው። አድጎ ወንድሞቹንና እኅቶቹን ከአባቱ ሆድ አስተፋቸው፤ አሥር ዓመት ተዋግቶም ቲታኖችን ድል ነሣ። ከዚያ በኋላ ሦስቱ ወንድማማቾች፣ ሆሜር እንደሚለው፣ ዓለምን እንደ አባት ርስት በዕጣ ተከፋፈሉት። ለዜውስ ሰማይ፣ ለፖሲዶን ባሕር፣ ለሃዴስ የሙታን ምድር ደረሰ፤ ምድርና የኦሊምፖስ ተራራ የጋራ ሆኑ።

በአጭሩ አማልክቱ በዓለም ውስጥ ያሉ ኃይሎች ናቸው። ከሰው የሚለያቸው አለመሞታቸውና አለማርጀታቸው ነው። ኃይላቸውም ወሰን አለው። በትሮይ ጦርነት ዜውስ የገዛ ልጁን የሳርፔዶንን ሞት ማስቀረት ያምረዋል፤ ሄራ ግን አንተ ዕጣው የደረሰውን ብታድን ሌሎቹም አማልክት ልጆቻቸውን ያድናሉ ትለዋለች። እርሱም ይተወዋል፤ በምድር ላይ የደም ነጠብጣብ ያዘንባል። የሰማይ ንጉሥ ለልጁ ከማልቀስ በቀር ምንም የማያደርግበት ይህ ቦታ ከሆሜር መስመሮች ሁሉ ልቤን የሚነካኝ ነው።

ዋናዎቹ አማልክት 12 ናቸው ይባላል። የዜውስ ሚስት ሄራ ጋብቻን ትጠብቃለች። ፖሲዶን ከባሕር ሌላ የምድር መናወጥም የእርሱ ነው። ዴሜተር የእህል፣ አቴና የጥበብና የከተማ መከላከያ፣ አፖሎ የትንቢትና የሙዚቃ፣ ሄፋይስቶስ የብረት ሥራ፣ ሄርሜስ የመንገድና የመልእክት፣ ዲዮኒሶስ የወይን ናቸው፤ ሄስቲያ የቤት ምድጃ ናት፣ በአንዳንድ ዝርዝር ቦታዋን ለዲዮኒሶስ ትለቃለች። የአፖሎ መንትያ አርጤምስ የአደንና የዱር እንስሳት ጠባቂ ናት፤ «የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት» ተብሎ ሁለት ሰዓት የተጮኸላት እርሷው ናት። የጦርነቱ አሬስም በአማርኛ ስሙ ተደብቆ ይኖራል፤ ጳውሎስ የቆመበት አርዮስፋጎስ «የአሬስ ኮረብታ» ማለት ነው። ሃዴስ የሚኖረው ከምድር በታች ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ12ቱ ጋር አይቆጠርም። እርሱን ሰይጣን አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ግዛቱ ደጉም ክፉውም ሰው ሲሞት የሚወርድበት ነው። መኖሪያቸው የተባለው ኦሊምፖስ 2,917 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከእንጦጦ ጫፍ እንኳ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ከባሕር ዳር ተነሥቶ ደመና ውስጥ ስለሚገባ ከሩቅ ላየው ሌላ ዓለም ነው።

ዜውስ ለምን ይህን ያህል ልጅ ከየሴቱ ወለደ?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ መልሱም ስለ አፈ ታሪክ ሥራ ብዙ ያስተምራል። ጥንታዊት ግሪክ አንድ መንግሥት አልነበረችም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ነበሩ። እያንዳንዱ ከተማና እያንዳንዱ ትልቅ ቤተሰብ የመጀመሪያ አባቱን ከትልቅ ቦታ መምዘዝ ይፈልጋል። የአርካድያ ሰዎች አባታችን አርካስ የዜውስና የካሊስቶ ልጅ ነው ይላሉ። ስፓርታ የምትገኝበት ምድር ስሙን ያገኘው ላኬዳይሞን ከተባለው የዜውስና የታይጌቴ ልጅ ነው ይባላል። የቀርጤሱ ንጉሥ ሚኖስ የዜውስና የአውሮፓ ልጅ ነው፤ አህጉሩ የሚጠራበት ስም የእርሷ ነው። የኤጊና ደሴት ሰዎችም የእነርሱን አላቸው። በየቦታው ሲነገር እያንዳንዱ አንድ ልጅና አንዲት እናት ናቸው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ባለቅኔዎች ሁሉንም ሰብስበው በአንድ ላይ ሲሰፉት ግን ዜውስ ቀን ከሌት ሴት የሚያሳድድ፣ ሄራም በቅናት የምትንገበገብ ሆነው ቀሩ። የቅሌቱ ትልቅ ክፍል የተፈጠረው በዚህ ስፌት ነው።

የዘር ሐረጉ ጉዳይ ለሥልጣንም ይሠራ ነበር። የስፓርታ ሁለት ነገሥታት ሥልጣናቸውን የያዙት የዜውስ ልጅ የሄራክሌስ ዘር ነን በማለት ነው፤ የመቄዶንያው እስክንድርም በአባቱ በኩል ራሱን ከሄራክሌስ ይቆጥር ነበር።

ይሁን እንጂ ዜውስ የፍርድ ወገንም አለው። «ዜውስ ክሴንዮስ» ሲባል የእንግዳ ጠባቂ ነው፤ «ዜውስ ሆርክዮስ» ሲባል የመሐላ ጠባቂ ነው። ፖሊስ በሌለበት፣ ነጋዴ በባዕድ ከተማ ዳኛ በማያገኝበት ዘመን፣ እንግዳን የሚገድልና መሐላን የሚያፈርስ ሰው በሰማይ የሚያየው አለ የሚለው እምነት መንገድን ያስከፍት ነበር።

ሥጋው ለሰው፣ አጥንቱ ለአማልክት፦ ይህ ክፍፍል ከየት መጣ?

የግሪክ አምልኮ ማዕከሉ መሥዋዕት ነው። በሬ ወይም በግ ይታረዳል፤ የጭኑ አጥንት በሞራ ተጠቅልሎ በመሠዊያው ላይ ይቃጠላል፤ ጢሱ ወደ አማልክቱ ይወጣል፤ ሥጋውን ሕዝቡ ተካፍሎ ይበላዋል። ማንም ሕፃን «ለአምላክ አጥንት፣ ለእኛ ሥጋ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ከቲታኖች ወገን የሆነው የፕሮሜቴዎስ ታሪክ ነው።

አማልክትና ሰዎች ሜኮኔ በተባለ ቦታ ድርሻቸውን ሊለዩ ተሰበሰቡ። ፕሮሜቴዎስ አንድ ትልቅ በሬ አርዶ ሁለት መደብ አደረገው። ቅርጫ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ወዲያው ይረዳዋል። በአንዱ መደብ ሥጋውን አስቀምጦ በማያምር ጨጓራ ሸፈነው፤ በሌላው መደብ ባዶ አጥንት ደርድሮ በሚያብረቀርቅ ሞራ ሸፈነው። ከዚያም ዜውስን «የወደድኸውን አንሣ» አለው። ዜውስ ሞራውን አነሣ፤ ከሥሩ አጥንት አገኘ። ሄሲዮድ ዜውስ ተንኮሉን እያወቀ ነው የወሰደው ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዎች በመሠዊያ ላይ አጥንት ያቃጥላሉ።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ዜውስ ተቆጥቶ እሳትን ከሰው ሸሸገ፤ ፕሮሜቴዎስ በአንድ ተክል አገዳ ውስጥ ደብቆ ሰረቀላቸው። ዜውስም በምላሹ የመጀመሪያዋን ሴት ጳንዶራን ላከ። እርሷም ክፋት ሁሉ የታጨቀበትን ጋን ከፈተች፤ ተስፋ ብቻ በጋኑ አፍ ውስጥ ቀረች። «የጳንዶራ ሳጥን» የሚባለው ከ16ኛው መቶ ዘመን የትርጉም ስሕተት የመጣ ነው፤ በግሪክኛው ያለው እህልና ወይን የሚቀመጥበት ትልቅ ጋን ነው። ሴትን የመከራ ሁሉ ምንጭ የሚያደርገው ይህ ክፍል የሄሲዮድን ዘመን ወንዶች አመለካከት የያዘ ነው፤ እንደዚያው ሆኖ መነበብ አለበት።

እንግዲህ ይህ አንድ ታሪክ ምን ያህል ሸክም እንደሚሸከም ተመልከቱ። መሥዋዕቱ ለምን እንዲህ እንደሚከፈል ይናገራል። ሰው ለምን ሥጋ እየበላ እንደሚሞት፣ አማልክት ለምን በጢስ ብቻ እንደሚረኩና እንደማይሞቱ ይናገራል። እሳት፣ ጋብቻ፣ ድካም ከየት እንደመጡ ይናገራል። የተነገረው ደግሞ በሬ ታርዶ ጢሱ እየወጣ፣ ሁሉም ድርሻውን እየጠበቀ ላለ ሕዝብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 ተጀመረ በሚባለው የኦሎምፒያ ጨዋታ በዓሉ መካከል ላይ ለዜውስ 100 በሬ ይሠዋ ነበር፤ ሥጋውን ተመልካቹ ይበላው ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠራቀመው የመሥዋዕቱ አመድ ከ6 ሜትር በላይ የሚቆም መሠዊያ ሆኖ ነበር።

የዴሜተር ታሪክ የወቅቶች ማብራሪያ ብቻ ነው?

በትምህርት ቤት አፈ ታሪክ «ሳይንስ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ሳይንስ» ነው ተብሎ ይሰጣል። መብረቅ የዜውስ፣ የምድር መናወጥ የፖሲዶን። ከፊል እውነት አለበት፤ ግን ለመዝጋት ይቸኩላል። የዴሜተርና የልጇን የፐርሰፎኔን ታሪክ እንውሰድ።

ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር በመስክ ላይ አበባ ስትለቅም ምድር ተከፈተች፤ ሃዴስ በሠረገላው ወጥቶ ጠለፋት። ጠለፋ የሚለው ቃላችን ልክ የሚገባበት ቦታ ነው። አባቷ ዜውስ አስቀድሞ ፈቅዶ ነበር፤ እናቷን የጠየቃት አልነበረም። ዴሜተር ዘጠኝ ቀን ሳትበላ ችቦ ይዛ ፈለገቻት። እውነቱን ስታውቅ ከአማልክቱ ማኅበር ወጥታ ኤሌውሲስ በተባለች ከተማ አሮጊት መስላ ተቀመጠች፤ ምድርንም እህል ከለከለቻት። ዘር ተዘራ፣ አልበቀለም። ሰዎች ሊያልቁ፣ አማልክቱም መሥዋዕት ሊያጡ ሆነ። በመጨረሻ ዜውስ ተሸንፎ ልጅቷ እንድትመለስ አዘዘ። ሃዴስ ግን ከመሄዷ በፊት የሮማን ፍሬ አቅምሷት ስለነበር ከዓመቱ ሲሦውን ከእርሱ ጋር፣ የቀረውን ከእናቷ ጋር እንድትኖር ተፈረደ።

እርግጥ ነው፣ ምድር ለምን አንድ ጊዜ ታፈራለች፣ አንድ ጊዜ ትነጥፋለች የሚለው መልስ እዚህ ውስጥ አለ። ነገር ግን ይህን ታሪክ የሰሙት እናቶች በ14 እና በ15 ዓመታቸው ለማያውቁት ሰው የተሰጡ፣ በተራቸውም ሴት ልጆቻቸውን የሚሰጡ ነበሩ። ወንዶቹ በሚወስኑት ነገር የእናት ኀዘን ሰማይን ሊያንበረክክ እንደሚችል በአደባባይ የሚነገርበት ሌላ ቦታ ብዙ አልነበራቸውም። ከዚህም በላይ ታሪኩ በዚያችው በኤሌውሲስ የሚፈጸም ምስጢራዊ ሥርዓት መሠረት ነበር። ግሪክኛ የሚያውቅና እጁ በነፍስ ግድያ ያልረከሰ ሁሉ፣ ሴቱም ባሪያውም፣ ይገባ ነበር። የገቡት ከሞት በኋላ የተሻለ ዕጣ ተስፋ ይዘው ይወጣሉ። ውስጥ የሚታየው ምስጢር ከአንድ ሺህ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሳይወጣ ቀረ።

ከተሞች አፈ ታሪክን ለምን ይጠቀሙበት ነበር?

የአቴና ከተማ ጠባቂነት በውድድር የተገኘ ነው ይባላል። ፖሲዶን በከተማዋ ኮረብታ በአክሮፖሊስ ዓለት ላይ በባለሦስት ጣት ጦሩ ወግቶ የጨው ውኃ አፈለቀ፤ አቴና የወይራ ዛፍ አበቀለች። ወይራው ተመረጠ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 የተሠራው የፓርተኖን ቤተ መቅደስ በምዕራብ ግንባሩ ላይ ይህን ክርክር በድንጋይ ተሸክሞ ነበር። የወይራ ዘይት የከተማዋ ሀብት ስለነበር ታሪኩ የኑሯቸውን ምንጭ ያከብርላቸዋል። አቴናውያን ከዚህ ጋር የመጀመሪያ ንጉሣችን ከራሷ ከምድሪቱ በቀለ፣ እኛ ከሌላ ቦታ አልመጣንም የሚል ትረካ ነበራቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ451 ደግሞ አባቱና እናቱ ሁለቱም አቴናውያን ካልሆኑ በቀር ማንም ሰው ዜጋ እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ አወጡ። ትረካውና ሕጉ አንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ኖረዋል፤ በከተማዋ ተወልደው የዜግነት መብት ያጡት ልጆች ደግሞ ብዙ ነበሩ።

አዲስ ታሪክ እንዴት እንደሚወለድ የሚያሳየው ግን የአንድ ሯጭ ወሬ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ፋርሶች ማራቶን ላይ ሲያርፉ አቴናውያን ፊሊጲዴስ የተባለውን መልእክተኛ ርዳታ እንዲጠይቅ ወደ ስፓርታ ላኩት። 240 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ በማግስቱ ደረሰ። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ሯጩ በመንገድ ላይ፣ በተራራ መካከል፣ የእረኞች አምላክ ፓን በስሙ ጠርቶት «አቴናውያን እኔን ለምን ረሱኝ? ረድቻቸው ነበር፤ ወደፊትም እረዳቸዋለሁ» እንዳለው ተናገረ። ስፓርታውያን ጨረቃ ሳትሞላ አንዘምትም ብለው ዘገዩ፤ አቴናውያን ያለ እነርሱ አሸነፉ። ከድሉ በኋላ ለፓን ከአክሮፖሊስ ሥር ባለ ዋሻ መቅደስ ሰጡት፤ በየዓመቱም መሥዋዕትና የችቦ ሩጫ አደረጉለት። ዋሻው ዛሬም አለ። በድካም፣ በብቸኝነትና በፍርሃት መካከል አንድ ሰው የሰማው ድምፅ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የከተማ በዓል ሆነ። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ባዶ እግሩን የሮጠው የማራቶን ውድድር ግን የተቀዳው ከዚህ አይደለም፤ ሯጩ ከማራቶን ወደ አቴና ሮጦ የድል ዜና ተናግሮ ወደቀ ከሚለው፣ ከክፍለ ዘመናት በኋላ ከተጻፈው ትረካ ነው።

በሯጮቻችን አንገት ላይ ያለው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ላይም ክንፍ ያላት ሴት አለች። ኒኬ ትባላለች፤ የድል አምላክ ናት። ታዋቂው የስፖርት ጫማ ስያሜም የእርሷ ነው።

በእርግጥ ያምኑበት ነበር?

ሁሉም በአንድ ዓይነት አላመኑም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን ክሴኖፋኔስ የተባለ ፈላስፋ ሆሜርና ሄሲዮድ በሰው ዘንድ ነውር የሆነውን ሁሉ፣ ስርቆትን፣ ዝሙትንና ማታለልን፣ ለአማልክት ሰጧቸው ብሎ ወቀሰ። ኢትዮጵያውያን አማልክታችን አፍንጫቸው ደፍጣጣ፣ መልካቸው ጥቁር ነው ይላሉ፤ የትራክያ ሰዎች ደግሞ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ ጸጉራቸው ቀይ ነው ይላሉ አለ። በሬና ፈረስ እጅ ኖሯቸው ሥዕል መሳል ቢችሉ አማልክታቸውን በሬና ፈረስ አድርገው ይሥሉ ነበር ሲልም ጻፈ።

ይህን በመናገሩ መገደሉን የሚናገር የለም። ፈላስፋው ሶቅራጥስ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ከተማዋ የምታከብራቸውን አማልክት አያከብርም፣ አዲስ አማልክት ያስገባል፣ ወጣቶችን ያበላሻል ተብሎ ሞት ተፈረደበት። ልዩነቱን የፖለቲካው ጊዜ ያስረዳል፤ አቴና በጦርነት ተሸንፋ፣ በአምባገነኖች ተገዝታ፣ ገና ቁስሏ ሳይደርቅ ነበር። ክሱ ራሱ ደግሞ የሚመዝነው ከተማዋ ለአማልክቱ የምታደርገውን ማክበርና አለማክበርን ነው። አማልክትና ሰዎችን ያስተሳሰራቸው ውለታ ነበርና አንዱ ሲያጓድል ሁሉም ይጎዳል ብለው ይፈሩ ነበር። ስለት የተሳለ ሰው ስለቱን ያገባል፤ በቆሮንቶስ የፈውስ አምላክ በሆነው በአስክሌጲዮስ መቅደስ የዳኑ ሰዎች የሰጧቸው የሸክላ እጆች፣ እግሮችና ጡቶች ተቆፍረው ወጥተዋል። የሶቅራጥስ ደቀ መዝሙር ፕላቶ እንደጻፈው፣ አማልክትን አያከብርም የተባለው ሶቅራጥስ መርዙን ጠጥቶ ሰውነቱ እየቀዘቀዘ ሳለ የተናገረው የመጨረሻ ቃል «ለአስክሌጲዮስ አንድ ዶሮ አለብን፤ ክፈሉ፤ እንዳትዘነጉ» የሚል ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ኢትዮጵያ የት አለች?

በሆሜር ግጥሞች ዜውስ ከአማልክቱ ሁሉ ጋር ነቀፋ የሌለባቸው ወደሚላቸው ኢትዮጵያውያን ለ12 ቀን ግብዣ ይሄዳል። ፖሲዶንም መሥዋዕታቸውን ሊቀበል ወደ እነርሱ ሄዶ ሳለ ነው ከትሮይ ጦርነት የተነሣው ጀግና ኦዲሴዎስ ወደ አገሩ የሚመለስበት መንገድ የሚከፈተው። ይህን እየጠቀስን መኩራራት እንወዳለን፤ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። «አይትዮጵስ» በግሪክኛ ፊቱ የተቃጠለ፣ ጥቁር ማለት ነው፤ ሆሜርም ፀሐይ በምትወጣበትና በምትገባበት በዓለም ዳርቻ ያስቀምጣቸዋል። በኋላ ስሙ በተለይ ከግብፅ በስተደቡብ ላለው ለኩሽ ምድር ዋለ። ዛሬ ካለው የአገራችን ወሰን ጋር አንድ አይደለም።

በእጅ የሚዳሰሰው ግንኙነት የሚመጣው በአክሱም ነው። ግሪክኛ የቀይ ባሕር የንግድ ቋንቋ ስለነበር ነገሥታቱ ጽሑፎቻቸውን በግሪክኛም ያስቀርጹ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ የአክሱም ወደብ በነበረችው በአዱሊስ ላይ ገልብጦ ባቆየው ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ የአክሱም ንጉሥ ድሉን ከዘረዘረ በኋላ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን እንደሠዋ ይናገራል። አክሱም ከተማ ውስጥ ዛሬም በቆመው የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ላይ ደግሞ ትርጉሙ ዓይን ለዓይን ይታያል። በግእዙ ወገን ንጉሡ የማሕረም ልጅ ነው፤ በግሪክኛው ወገን የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ነው። ማሕረም የአክሱማውያን አምላክ ነው፤ ግሪክኛ አንባቢው እንዲገባው በጦርነቱ አምላክ ስም ተጠራ። ልስጥራን ላይም እንዲሁ ሕዝቡ የጮኸው በገዛ ቋንቋው በሊቃኦንያ ነበር፤ የሐዋርያት ሥራ ጸሐፊ ግን የጻፈልን ድያና ሄርሜን ብሎ ነው።

ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ክርስትናን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ባስቀረጸው ሌላ የግሪክኛ ጽሑፍ ራሱን የክርስቶስ አገልጋይ ብሎ ይጠራል፤ ጽሑፉ የሚጀምረው በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ነው፤ የአሬስ ስም ከዚያ ድንጋይ ላይ የለም።